በትከሻ የተሸከምኩት ውሃ

ለልጄ ለባቢከር፣

አላህ እውቀትህን ያብዛልህ፤ የምታድርበትን ቤት ሰላም ያድርገው። እኛ ደህና ነን። ማሽላው ገብቷል፤ ፍየልህም መንታ ወልዳለች። ሱዳን ይዘኸው የሄድከው ሳል ካልተወህ ማር በሙቅ ውሃ ጠጣ።

በመከሩ በዓል መንጌ ከተማ ላይ ወጣቶቹ ጨዋታ አሳዩ። አንዱ የሴት ልብስ ለብሶ፣ በእንጨት ጫፍና ጫፍ ሁለት ቅል ውሃ አንጠልጥሎ በትከሻው ተሸክሞ ገባ። እኛ ዘንድ ሴት ውሃ የምትሸከመው በአናቷ ነው፤ እንደዚያ የሚሸከሙት የጉሙዝ ሴቶች ናቸው።

«አንቺ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አሉት ጓደኞቹ።

«ወንዙን ጠይቁት!» አለ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

የለበሰው የእኔን ቀሚስ ነበር፤ ለአክስትህ፣ ለአባትህ እህት ለኸድራ ያዋስኳትን።

ልጄ፣ ከሌላ ከምትሰማው ከእኔ ስማ። የተወለድኩት ከጉሙዝ ነው፤ በአምስት ዓመቴ ከወንዝ ዳር ነጥቀው ወደዚህ አመጡኝ። ይህን የነገርኩት ለኸድራ ብቻ ነበር፣ እንደ እህቴ አይቻት።

ተነስቼ እንጨቱን ከልጁ ትከሻ ወሰድኩ። «እንዲህ አይደለም የሚያዘው» አልኩትና፣ እናቴ በልጅነቴ እንዳሳየችኝ ይዤ የበዓሉን ግቢ ዞርኩ። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። የሳቀም አልነበረም።

ኸድራ፣ «ኧረ ጨዋታ ነው፣ ምን ያስቆጣሻል?» አለችኝ።

«እንግዲያው ጨዋታው አልቋል፤ ቀሚሴን መልሺ» አልኳት።

በልማዳችን ከመንገድ የተመለሰ ሰው ጓዙን መጀመሪያ በአክስቱ ቤት እንደሚያወርድ አውቃለሁ። አንተ ግን እባክህ፣ በእኔ ደጅ አውርድ። አላህ በደህና ያግባህ።

እናትህ ኡምኩልሱም