ኳሱን ቆልፈው ዋንጫውን ለተሸከሙልን ለክቡር ፕሪንሲፓላችን

ለክቡር ሚስተር ጎዳና፣
የንጋት ሙያ ኮሌጅ ፕሪንሲፓል፣ የስፖርት ኮሚቴው ሊቀ መንበር፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህም የሴቶች እግር ኳስ አባት፣
ሞያሌ፣ ኬንያ።

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጉልበትዎ ጸንቶ፣ የደም ግፊትዎ ረግቶ፣ ጫማዎም እንደ ወትሮው ፊት እስኪያሳይ ተወልውሎ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከኮሌጁ ሜዳ ጋር አጥር የሚጋራው ሆቴል ባለቤት ብዙወርቅ ነኝ፤ የበረኛዋ የሮዳስ እናት። በአማርኛ የጻፍኩልዎ፣ ባለፈው ሰሞን ሆቴሌ ተቀምጠው ጥብስ ሲበሉ “አማርኛ ከእናንተ ከባለቤቶቹ ይልቅ እኔ አሳምሬ አውቃለሁ” ብለው ስላበሠሩን ነው። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት ደግሞ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ “ስብሰባ ላይ ናቸው” ስለምትለኝ ነው። አንዱን ቅጂ ሆቴሌ ግድግዳ ላይ ከምግቡ ዝርዝር ጎን ለጥፌዋለሁ። ሕዝቡ ቆሞ ያነባል፤ ቆሞ ያነበበ ደግሞ ተቀምጦ ሻይ ያዛል። ስለዚህም ጭምር እግዜር ይስጥልኝ።

የመጣሁት ለክስ አይደለም፣ ለምስጋና ነው። በስብሰባ ሁሉ “ነጥብ በነጥብ!” ማለት ስለሚወዱም በተራ ቁጥር አስቀምጬልዎታለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሜዳው። መምህርት ሳጂዳ፣ እዚህ ሁላችንም “ምዋሊሙ ሳጂዳ” የምንላት፣ ከኢሲዮሎ መጥታ በኮሌጅዎ የኤሌክትሪክ ሥራ ታስተምራለች። በተማሪነቷ ኳስ ተጫውታለች። የሴቶች ቡድን ላቋቁም ብላ ስትጠይቅዎ፣ በተለመደው ቸርነትዎ ሜዳውን ፈቀዱላት። ሜዳው ላይ ግመሎችዎ እንደሚውሉ መጥቀስ ግን አስፈላጊ ሆኖ አልታየዎትም። ልጆቹ በመጀመሪያው ቀን ሲመጡ ግመሎቹ እንደ ተከላካይ ተደርድረው ያመሰኳሉ። ትልቋማ፣ ያቺ አመለኛዋ፣ ግቡ አፍ ላይ ተተክላ ቢገፏትም ቢለምኗትም አልነቃነቅ አለች። ልጆቹ ወደ ቤት ልንመለስ ነው ብለው ሲያጉረመርሙ ምዋሊሙ ሳጂዳ ግመሏን ትንሽ ተመለከተችና “ተዉአት” አለች። “እሷን ካለፋችሁ ማርሳቢት ድረስ የማታልፉት ተከላካይ የለም።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ አብዶ የሚሠሩት በግመል ላይ ሆነ። ኑርሀን የምትባለዋ አጥቂያችን ኳሱን በግመሏ ሆድ ሥር ሰዳ በወዲያኛው በኩል መቀበል ለመደች። ዛሬ ኑርሀን ተጋጣሚዋን አታላ ካለፈች በኋላ መለስ ብላ የምታየው ንቃ አይደለም፤ እንደ ግመሏ እንዳትተፋባት ነው። በነጻ ላዋሱን ረዳት አሠልጣኞች ምስጋናችን የላቀ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ኳሱ። ኳሶቹ እንዳያረጁ ተጨንቀው መጋዘኑን ቆልፈው፣ ቁልፉን ኪስዎ ከትተው ናይሮቢ ለስብሰባ መሄድዎን አንረሳም። ሌላ አሠልጣኝ ቢሆን ልምምዱን ይበትን ነበር። እሷ ግን ልጆቹን ሰብስባ “ኳስ ከሌለ የት መቆም እንዳለባችሁ ተማሩ፤ ኳሱ ሲመጣ ፈልጎ ያገኛችኋል” አለቻቸው። ያለ ኳስ ያቀብላሉ፣ ያለ ኳስ ይመታሉ፣ የኔዋ ሮዳስም የሌለ ኳስ ለመያዝ አቧራው ላይ ትወረወራለች። ልብሱን የማጥበው እኔ መሆኔን እዚህ ላይ አላነሳም።

የከብት ነጋዴው አብዱብ ያን ጊዜ በረንዳዬ ላይ ሻዩን ይዞ ያይ ነበር። ድንገት ብድግ አለና “ኦፍሳይድ ናት!” ብሎ ጮኸ። ጎኑ የተቀመጠው ሰውዬ “ኳስ በሌለበት እንዴት ኦፍሳይድ ትሆናለች?” ቢለው፣ “ኳስማ ቢኖር ይብስ ነበር!” አለ። በዚህ ጉዳይ ሆቴሌ ለሁለት ተከፍሎ ዋለ። እርስዎ ከናይሮቢ ሲመለሱ ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው እንኳ እርስ በርስ ይገናኙ ነበር፤ ኳሱ ሲጨመርላቸውማ እንደ ምርቃት ቆጠሩት።

ሦስተኛ፣ ስለ ማኅበረሰቡ። “ማኅበረሰቡ ቅር ይለዋል” ብለው በኛ ስም ቅር ስላለዎ ባለውለታችን ነዎት፤ እኛ ራሳችን ቅር ለመሰኘት ጊዜ አልነበረንም። እውነት ነው፣ የኑርሀን አባት ሐጂ ሰሊም መጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር። በሁለቱም ሞያሌ፣ በኬንያውም በኢትዮጵያውም፣ ሱቅ ያላቸው የተከበሩ ነጋዴ ናቸው፤ ልጄ በሰው ፊት አትሮጥም አሉ። ምዋሊሙ ሳጂዳ ደብዳቤ አልጻፈችላቸውም፤ ቤታቸው ሄደች። “ሐጂ፣ እኔም ሂጃቤን ለብሼ ነው የምሮጠው” አለቻቸው። “ሱሪያቸው ረጅም ነው፣ እጅጌያቸው ረጅም ነው፣ ራሳቸው የተሸፈነ ነው። ቃሌን አይመኑ፤ መጥተው በዓይንዎ ይዩ።”

መጡ። ክንዳቸውን አጣምረው፣ ፊታቸውን አጥቁረው ዳር ላይ ቆሙ። ከዕረፍት በኋላ አንዷ ተከላካይ ኑርሀንን ጠልፋ ጣለቻት። ሐጂ ሰሊም ሜዳው መሀል መቼ እንደደረሱ ማንም አላየም። “አንተ ዳኛ! እነዚህ ዓይኖች የተሰጡህ ለጌጥ ነው?” ሲሉ ግን ሁላችንም ሰማን። በቡድናችን ታሪክ የመጀመሪያውን ቀይ ካርድ ያገኙት ወላጅ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ከአንድም ጨዋታ ቀርተው አያውቁም።

አራተኛ፣ ስለ አውቶቡሱ። መጀመሪያ ሰሞን እየተሸነፍን ነበር፤ አልሸሽግም። እርስዎም በጠዋት ሰልፍ ላይ “ብዬ ነበር” በማለት ልጆቹን አበረታተዋቸዋል። ወደ ማርሳቢት ለሚደረገው ጨዋታ ጓዛቸውን ይዘው ሲጠብቁ ደግሞ የኮሌጁ አውቶቡስ የዘመድዎን ሙሽራ ሊያጅብ እንደሄደ ተነገራቸው። የተገኘው ፍየል የጫነ ሎሪ ብቻ ነበር። አንዳንዶቹ አለቀሱ። ምዋሊሙ ሳጂዳ ቀሚሷን ሰብስባ ወጣችና ፍየሎቹ መሀል ተቀምጣ አንዷን ግልገል ታቀፈች። ሮዳስ ማታ ስትነግረኝ “እማዬ፣ እሷ እዚያ ከተቀመጠች በኋላ እኛ ምን እንላለን? ወጣን” አለችኝ።

ማርሳቢት ሲደርሱ የሚሸቱትን ሽታ እርስዎ ምሁር ስለሆኑ ይገምቱት። የተጋጣሚዎቹ ተከላካዮች በአንድ እጃቸው አፍንጫቸውን ይዘው መጫወት ጀመሩ። አንድ እጁን ለአፍንጫው የሰጠ ሰው ለመግፋት የሚተርፈው አንድ እጅ ብቻ ነው፤ ልቡም ከኳሱ ይልቅ ከነፋሱ አቅጣጫ ጋር ነው። አሸነፍን። የመጀመሪያ ድላችን ነበር። የሙሽራዋም ሠርግ አማረ አሉ። ይህን ያህል የረቀቀ ስልት ከጽሕፈት ቤት ሆኖ የሚነድፍ ፕሪንሲፓል የትም አይገኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያውቁታል፤ እንደውም በንግግርዎ ከኛ በተሻለ ተርከውታል። ልጆቹ ማሸነፉን ተያያዙት። የሰሜን ኮሌጆች ዋንጫ ፍጻሜ እዚሁ ሞያሌ ሲደረግ ሮዳስ የመጨረሻዋን ፍጹም ቅጣት ምት በጣቷ ጫፍ ገፋቻት። ያን ጊዜ እኔ ወጥ ጥጄ እንደነበር የታወሰኝ ጎረቤት ጭስ አይቶ ሲጮህ ነው። እርስዎም ሙሉ ልብስዎን ለብሰው ከጥላው ወጡና ዋንጫውን ከልጆቹ እጅ ተቀብለው “ይህ የኔ ራእይ ነው” አሉ። ፎቶው አሁን ኮሌጁ በር ላይ በትልቁ ተሰቅሏል። እርስዎ አሉ፣ ዋንጫው አለ፣ ዳር ላይ ደግሞ የተቆረጠ አንድ ክርን አለ። ክርኑ የሮዳስ ነው፤ በልጅነቷ ሆቴል ውስጥ ዘይት ያቃጠላት ምልክት አለበት። መንገደኛ ሁሉ “ልጅሽ የታለች?” ሲለኝ በኩራት ወደ ክርኗ አመለክታለሁ።

አምስተኛ፣ ስለ አሠልጣኙ። ዋንጫው በገባ በሁለተኛው ሳምንት ኮሚቴዎ “ፕሮግራሙ ስላደገ ብቃት ያለው አሠልጣኝ ያስፈልገዋል” ብሎ ወሰነ። ብቃት ያለው ሰው ብዙ ሳይርቅ፣ እቤትዎ ሶፋ ላይ ተገኘ፤ የባለቤትዎ ወንድም ብራያን። የአውሮፓን ኳስ ለዓመታት በቴሌቪዥን በመከታተል ያካበተው ልምድ አይናቅም። ምዋሊሙ ሳጂዳ የመጋዘን ንብረት ተቆጣጣሪ ሆነች።

የዚያን ቀን በረንዳዬ ላይ ተቀመጠች። ሻይ አዘዘች፤ አልጠጣችውም። “ማማ ሮዳስ” አለችኝ፣ “ቦታዬን ወሰዱብኝ ብዬ አይደለም። ልጆቹ፣ እኛ እንለፋለን፣ ማሸነፉ ግን የሌላ ሰው ነው፣ የሚለውን እንዳይማሩ ነው የፈራሁት። ያን አንዴ ከተማሩ እኔ መልሼ አላስረሳቸውም።” እኔ ምላሴ ረጅም ነው ይባላል፤ ያን ቀን ግን የቀዘቀዘውን ሻይ አንስቼ ትኩስ አመጣሁላት።

ብራያን በነጋታው ፊሽካ አንጠልጥሎ መጣ። ልጆቹ በጨዋ ደንብ ተሰለፉ። ሮዳስ እጇን አውጥታ “ኮች፣ የማዕዘን ምት ሲመጣ ልውጣ ወይስ መስመሩ ላይ ልቁም?” ብላ ጠየቀችው። ወደ ሰማይ አየ፣ ወደ ግመሎቹ አየ፣ “እንደ ሁኔታው” አለ። ኳሱ ሲሻማ ሁሉም እንደ ሁኔታው ዘለሉና ተላተሙ። ከሰዓት በኋላ ሆቴሌ መጥቶ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። “ማማ ሮዳስ፣ እኔ እኮ ይህን ሥራ አልጠየቅሁም። እህቴ ነገ ጀምር አለችኝ፣ ጀመርኩ። ልጆቹ ግን ጥያቄ አላቸው!”

“ሥራውን የምታውቀዋን ለምን አትጠይቅም?” አልኩት።

“የት ናት?”

“መጋዘን። የእህትህ ባል የቆለፈባቸውን ኳሶች ትጠብቃለች።”

ሄደ። ክብር ለሚገባው ክብር እሰጣለሁ፤ ልጁ ልበ ቅን ነው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ መጋዘኑ ወለል ላይ ተቀምጦ፣ ምዋሊሙ ሳጂዳ ቆርኪ ደርድራ እያሳየችው፣ የነገውን ልምምድ ያጠና ጀመር። ሜዳ ላይ የሚጮኸው እሱ፣ የምታሠለጥነው እሷ ሆነች። እንዲህም ቢሆን የልጆቹ ፊት አልፈካም።

ከዚያ የምዝገባው ቀን መጣ። ከዙሪያው መንደሮች፣ ከኦዳ፣ ከሄሉ፣ ከዋልዳ ሳይቀር አባቶች ሴት ልጆቻቸውን ይዘው መጡ፤ እንዲህ ያለ ሰልፍ ኮሌጁ አይቶ አያውቅም። እርስዎ በደስታ ጠረጴዛውን ራስዎ ይዘው ተቀመጡ። ከፊት የቆሙት ሐጂ ሰሊም ነበሩ፤ ሁለተኛ ልጃቸውን ሸፊቃን ሊያስመዘግቡ። ወረቀቱን ጠረጴዛዎ ላይ አስቀመጡና “ምዋሊሙ ሳጂዳ የት ናት?” አሉ።

“ወደ ንብረት ክፍል ተዛውራለች” አሏቸው።

ሐጂ ወረቀቱን ቀስ ብለው መልሰው አነሱ። “እንግዲያው እኛም ንብረት ክፍል እንመዘገባለን” አሉና የሸፊቃን እጅ ይዘው ወደ መጋዘኑ ሄዱ። ተከታያቸው ተከተላቸው። የተከታያቸውም ተከታይ ተከተለ። አንዲት የዋልዳ እናት ገና ጥርስ ያላወጣች ሴት ልጇን አዝላ ተሰልፋ ነበር፤ እሷም ሄደች። ጠረጴዛው ጋ የቀራችሁት እርስዎ፣ ጸሐፊዎና ማኅተሙ ነበራችሁ። ምዋሊሙ ሳጂዳ አቧራ በአቧራ ሆና ከመጋዘኑ ብቅ ስትል ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። ደንግጣ “ምን ሆናችሁ?” አለች። ሐጂ ሰሊም “ምንም። አሠልጣኟን እየጠበቅን ነው” አሏት። ፊቷን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች፤ አቧራው ዓይኗ ገብቶ ነው አለች። እኛም አመንናት።

እርስዎ ያን ጊዜ ወንበርዎን በራስዎ እጅ ተሸክመው መጋዘኑ ደጃፍ ሲደርሱ፣ ያ ጫማ አቧራ ሲለብስ፣ አንጀቴን በሉት። “አለመግባባት ነው፤ ምዋሊሙ ሳጂዳ ድሮም አሠልጣኛችን ናት” ብለው አወጁ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እርስዎም ጭብጨባው የእርስዎ መስሎዎት እጅ ነሱ። በሳምንቱ የወጣው ወረቀት ግን “በጊዜያዊነት” የምትል ቃል አስከትሎ መጣ።

ክቡር ሆይ፣ እንግዲህ ልመናዬ ይህቺው አንዲት ቃል ናት። ትሰረዝልን። ብራያን ረዳት መሆኑን በፈቃዱ ተቀብሏል፤ ውሃ ማመላለሱንም ተክኖበታል። የልጆቹ ቁጥር በዝቶ አሁን ሁለት ቡድን ወጥቷቸዋል። ሸፊቃ በእህቷ ላይ ግብ አስቆጥራ ሐጂ ለማን እንደሚጮኹ ጠፍቷቸው ሲሰቃዩ ከረሙ። ምዋሊሙ ሳጂዳን ሌላ ከተማ ያለ ኮሌጅ በቋሚነት ነይ ብሏታል። ጥሪውን አልመለሰችም፤ አልጣለችውምም። “በጊዜያዊነት” የምትለው ቃል ካልተሰረዘች ምዋሊሙ ሳጂዳ ትሄዳለች፤ እሷ ከሄደች ደግሞ ያ ሰልፍ መንገዱን ያውቃል፣ ሌላ ከተማ ድረስም ቢሆን። ያኔ ሙሉ ሜዳው ለግመሎችዎ ይቀርልዎታል።

ወንበርዎ የጸና፣ ስብሰባዎ የማያልቅ፣ ራእይዎ ከሌሎች ላብ የማይነጥፍ ይሁን እያልኩ፣ አንገቴን ዝቅ፣ ድምፄን ግን ከፍ አድርጌ እሰናበታለሁ።

የእርስዎው አክባሪ፣ በአጥር ማዶ የምትመለከትዎ፣

ብዙወርቅ፣ የበረኛዋ እናት

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ልጆቹ በመጪው ቅዳሜ የኮሌጁን ሠራተኞች ለወዳጅነት ጨዋታ ጋብዘዋል። ሠራተኞቹ ተሰብስበው በሙሉ ድምፅ በረኛ አድርገው የመረጡት እርስዎን ነው። ፍጹም ቅጣት ምት ከተሰጠ የምትመታው ኑርሀን ናት፤ በግራ እግሯ፣ ወደ ቀኝዎ። ይህን የነገርኩዎ ከደግነት ነው፤ ማወቅዎ ምንም አይጠቅምዎትም።