ያልተነቀለው ሶኬት

ረቡዕ፣ ኅዳር 9፣ አሶሳ

የኔትወርክ ሥልጠናችን ሁልጊዜ በፒንግ ነው የሚጀምረው። ከዚህ ወደየወረዳው ቢሮ ምልክት እንልካለን፤ እዚያ ያለው ራውተር በርቶ ከሆነ መልስ ይመጣል። መጨረሻ የሚመልሰው የድባጤ ወረዳ ነው። የቢሮው ባለሙያ ጋሽ መንገሻ መብረቅ ፈርተው ማታ ሲወጡ ራውተሩን ከሶኬት ይነቅላሉ፣ ጠዋት ሲገቡ ይሰካሉ። በጋም ቢሆን። አንድ ቀን በስልክ "ተሰክቶ ይደር እንጂ" ብላቸው፣ "የኔ ልጅ፣ አንዴ ሲቃጠልብኝ አላየሽም። ሳልነቅለው እንቅልፍ አይወስደኝም" አሉኝ።

ዛሬ ግን ገና ቢሮ ሳይከፈት ድባጤ መለሰ። አሠልጣኛችን ደስ አለው። "ሰውዬው በመጨረሻ ገባቸው" ብሎ ወደ ቀጣዩ ትምህርት አለፈ።

እኔ ትምህርቱ አልገባኝም። ትናንት ከሰዓት ስናወራ "ከተማው ጭር ብሏል፤ ሰው ፈርቶ በጊዜ እየገባ ነው" ብለውኝ ነበር። ለሻይ ስንወጣ ደወልኩላቸው። ይጠራል፣ አይነሳም። የቢሮውም ስልክ እንደዚያው።

ለአሠልጣኙ ነገርኩት። "መጀመሪያ የምናየው ምንድን ነው? መብራቱን፣ ገመዱን። ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ምን ሆንሽ?" አለኝ።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ፣ ጋሽ መንገሻ በሚነቅሉበት ሰዓት፣ ሌሎቹ ሲወጡ እኔ ቀረሁ። ጠበቅኩ። ራውተሩን እባክህ ጥፋ እያልኩ እንደገና ምልክት ላክሁ።

ድባጤ ወዲያው መለሰ።