ለአባቴ ስለደወሉት ስልክ

ለክቡር አቶ ኃይለመስቀል፣
የኮሌጃችን የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊ፣
መሐል ሜዳ

ክቡር ሆይ፣ የመንዝ ብርድ ጉልበትዎን ሳይነካ፣ ስብሰባዎም ሳይጓደል በሙሉ ጤና እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ እኔ ጤና ብዙ አልጽፍም፤ እርስዎ ለሚመለከተውም ለማይመለከተውም ስለነገሩልኝ የቀረ የለም። ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግሁትም ምስጢር መያዝ እንደሚያደክምዎ ስለተረዳሁ ነው።

አንደኛ፣ በአዳራሻችን የኤችአይቪ ምርመራ ባዘጋጁበት ቀን ራስን ማወቅ ጀግንነት መሆኑን ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። አምኜዎት ተሰለፍኩ። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር እሌኒ ከመጋረጃው ጀርባ ደሜን ደጋግማ መረመረችና ቫይረሱ እንዳለብኝ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረችኝ፤ መድኃኒቱን በአግባቡ ከወሰድኩ እንደማንኛውም ሰው እንደምማር፣ እንደምሠራ፣ ጤነኛ ልጅም እንደምወልድ አስረዳችኝ። አላለቀስኩም። የጫማዬ ክር ተፈትቶ ነበር፣ አሰርኩት። ስወጣ በሩ ላይ ቆመው «እንደ አባት ቁጠሪኝ፤ ምን ተባልሽ?» አሉኝ። ነገርኩዎት።

ሁለተኛ፣ ነገሩን ለማደሪያ ቤታችን ተቆጣጣሪ «በጥብቅ ምስጢር» ስላካፈሉልኝ ባለውለታዎ ነኝ፤ መድኃኒት ጀምሬ ከጤና ጣቢያ ስመለስ የመኝታ ክፍሌ ልጆች ፍራሻቸውን ተሸክመው ሲወጡ ደረስኩ። የቀረችው ማዕረግ የምትባለው ልጅ ብቻ ነች። «ቦታ ሰፋልን» አለችኝና ጥናቷን ቀጠለች። እኔም አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ግድግዳውን ሳይ አመሸሁ።

ሦስተኛውን ውለታዎን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። ራቤል ድረስ ደውለው አባቴን አቶ ወዳጆን «ልጅዎ በማይድን በሽታ ተይዛለች፤ መጥተው ይውሰዷት» አሏቸው። አባቴ ከዚህ ወዲያ ያሉትን አልሰሙም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሬሳ የሚያነሡ ጎረቤቶች አስከትለው በሚኒባስ መጡ። ቧንቧው ጋ ልብስ ሳጥብ አገኙኝ።

«አለሽ እንዴ?» አሉኝ።

«አለሁ፣ አባዬ።»

ባልዲው ሞልቶ ሲፈስ አያለሁ፣ ቧንቧውን ግን አልዘጋሁትም። ሊያለቅሱ የመጡት ጎረቤቶቻችንም ልብሴን እየጨመቁ አሰጡልኝ። አባቴ መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ከዚያ ቀን በፊት ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም፤ ይህንንም ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት።

ሲስተር እሌኒ ለአባቴ ሁሉንም አስረዳቻቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «እንግዲያው መድኃኒቷን ትዋጥ፤ ትምህርቷንም ትማር፤ የትም አልወስዳትም» አሏት። ይህንኑ ለእርስዎ ሊነግሩ ቢሮዎ ደጅ ቆመው ዋሉ፤ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባሉ፤ ሄዱ።

እኔ መድኃኒቴን እወስዳለሁ፤ ትምህርቴንም አላቋረጥኩም። የወጡት ልጆች እስካሁን አልተመለሱም። መጀመሪያ በር በሩን አይ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ።

ሥልጣንዎ እንዲሰፋ፣ የስልክዎም መስመር እንዳይቋረጥ እየተመኘሁ፣ ከወገብ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤

በቁሟ የተለቀሰላት ተማሪዎ
ትህትና ወዳጆ

ማስታወሻ፦ በዚያ የምርመራ ቀን ንግግር አድርገው፣ ፎቶ ተነሥተው፣ ሳይመረመሩ እንደወጡ ብዙዎቻችን አይተናል። ሲስተር እሌኒ ዛሬም ጤና ጣቢያው ውስጥ አለች። ብቻዎን መሄድ ከከበደዎ አብሬዎ እሄዳለሁ፤ የተባሉትንም ለማንም አልናገርም።