በሬ የሰረቀው ስለ ተሾመበት፣ በቅሎን ሰላም ያለችው ስለ ተከለከለችበት አዋጅ

ለክቡር ካፒታኖ፣
በደብረ ታቦር ለተቀመጡት የኢጣልያ መንግሥት ሹም፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደ ጉና ተራራ የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ ኅሊናዎ ማንም ያልነካው ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኛ ከጋፋት በላይ ያለነው ባላገሮች፣ በሜዳ ላይ ከሚያድርብን ውርጭ በቀር፣ በእርስዎ ቸርነት ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከአውጫጭኙ ሜዳ ላይ ተቀምጬ ነው። ዳማዋ በቅሎዎ ከጋጣዋ ስለ ጠፋች፣ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ወንዱም ሴቱም ከዚህ ሜዳ እንዳይወጣ አዘዋል። ለአገራችን ልማድ ስላሳዩት አክብሮት እናመሰግናለን። የአገሩን ሰው በሜዳ ሰብስቦ ሌባን ማውጣጣት የአያቶቻችን ሥርዓት ነው፤ ያየውን በአደባባይ መናገር የሚፈራ ሰው ለተመረጡት አድማጮች ጠጋ ብሎ «ወፍ እንዲህ አለችኝ» ሲል ያንሾካሹካል፤ ወፏ ማን እንደሆነችም አትጠየቅም። እርስዎ ግን ሥራው እንዲፈጥን አስበው፣ ሽማግሌዎቹን አድማጮች አሰናብተው፣ የወፎቹን ሁሉ ቃል አዲሱ ጭቃ ሹማችን አቶ ፈንታሁን ብቻቸውን እንዲሰሙ አደረጉ። ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ስለሆነ፣ ትዕግሥትዎን ለምኜ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አዋጅዎ። «በችሎት የተፈረደበት ሰው ለሹመት አይታጭም» የሚለውን ቃል በገበያው ላይ ለሕዝቡ ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነበርኩ፤ ሰዉም «ይህስ ደግ ነው» ብሎ ነበር። ደስታችን የቆየው እስከ መጨረሻዋ መስመር ድረስ ነው፤ እርሷም ባለፈው መንግሥት ዘመን የተሰጠ ፍርድ እንደ ፍርድ አይቆጠርም ትላለች። በዚህች አንዲት መስመር አቶ ፈንታሁን ከጥምቀት ውሃ እንደ ወጣ ሕፃን ነጹ። ከጦርነቱ በፊት፣ በዚሁ ሜዳ፣ በዚሁ ሥርዓት፣ የባልቴቷን የእማማ ብዙነሽን የእርሻ በሬ ሰርቀው ማረዳቸው ተመስክሮ፣ ቆዳውም ከጓሯቸው ተቆፍሮ ወጥቶ፣ በሬ እንዲተኩ ተፈርዶባቸው ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ግን አቶ ፈንታሁን እማማ ብዙነሽን «ፍርዱ ከመንግሥቱ ጋር ሄዷል» አሏቸው። እማማም «በሬዬስ ከማን ጋር ሄደ?» ብለው ጠየቁ። መልሱ እስከ ዛሬ አልደረሳቸውም፤ ምናልባት በእርስዎ ጽሕፈት ቤት በኩል ይመጣ እንደሆነ እየጠበቁ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ራሴ። በእኛ አገር ጭቃ ሹምነት በየዓመቱ ከርስተኛ ወደ ርስተኛ በተራ የሚዞር ሸክም ነው። ዘንድሮ ተራው የአባቴ የመሪጌታ ወልደጊዮርጊስ ቤት ነበር። አባቴ ባለፈው ክረምት ቢያርፉም፣ ዳዊት ያስደገሙኝና ብዕር ያስያዙኝ አንድ ልጃቸው እኔ ስለሆንኩ፣ ሽማግሌዎቹ «ርስቱን የወረሰች ተራውንም ትውረስ» ብለው ተስማምተው ነበር። እርስዎ ግን የተፈረደብኝ ሴት መሆኔን አስታወሷቸው። አልክድም። በዳማዋ በቅሎ ተቀምጠው በመንገድ ባገኘሁዎ ጊዜ፣ እንደ ታዘዝነው ቀኝ እጄን ወደ ፊት ዘርግቼ ሰላምታ ሰጥቻለሁ፤ ጥፋቴ፣ ለምን እንደምስቅ ስጠየቅ «ሰላምታው ለበቅሎዋ ነው፤ ዳገቱን የወጣችው እርሷ ናት» ማለቴ ነበር። ለዚህም ጋጣዋን እንድጠርግ ተፈረደብኝ፤ ጠረግሁም። እንግዲህ እኔና አቶ ፈንታሁን ሁለታችንም የተፈረደብን ሰዎች ነን፤ የምንለየው እኔ ፍርዴን በመፈጸሜ ነው።

የተፈረደበት ሁሉ አይሾም የምል እንዳይመስልዎ። ከአጠገቤ ቡሉኳቸውን ተከናንበው የተቀመጡት አያ ሙላቴ በወጣትነታቸው፣ በክፉ ቀን፣ የሰው ጎተራ ሰብረው ተፈርዶባቸዋል። በመከሩ የወሰዱትን እህል ተሸክመው መለሱ፣ ከባለቤቱ ደጅ ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ለመኑ፣ ታረቁ። ከዚያ በኋላ አገሩ የቤተ ክርስቲያኑን ጎተራ እንዲጠብቁ መረጣቸው፤ አንድ ቁና ጎድሎ አያውቅም። አሁን ስለ አዋጅዎ ምን እንደሚሉ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እኔንስ ለቁልፉ ያበቃኝ መመለሴ ነው፤ ይህ ሰው ምን መለሰ?» አሉኝ። ለዚህ ጥያቄ አዋጅዎ ቦታ ስላልተወለት፣ እኔ እዚህ ቦታ ሰጥቼዋለሁ።

ሦስተኛውን ቅሬታ ልጀምር ስል ወፍ የመናገር ተራው ለጎረቤታችን ለማሩ ስለ ደረሰ፣ ብዕሬን አስቀምጬ ተመለከትኩ። ማሩ ወደ ጭቃ ሹሙ ጆሮ ቀርቦ ሲያበቃ፣ አቶ ፈንታሁን ቀና ብለው «ይህች ወፍ ዓይኗን ታማለች፤ ሌላ ይምጣ!» ብለው ጮኹ። ከእርሱ በፊት የገቡትም ሁሉ ይህንኑ መልስ ይዘው ነው የተመለሱት። ማሩ ወደ ቦታው ሲመለስ በአጠገቡ ያሉት «ምን አለች ወፍህ?» ብለው ቢጠይቁት፣ «ምን ትበል! የሚሰማትን ሰው ስም ጠራችው» አለ። ሜዳው በሙሉ ሳቀ፤ ዘበኞችዎም ነገሩ ባይገባቸውም አብረውን ሳቁ። ክቡር ሆይ፣ ሌባውን የማያውቅ ሰው በዚህ ሜዳ ላይ የለም፤ ችግራችን ቃሉ የሚያልፍበት ጆሮ የራሱ የሌባው መሆኑ ነው።

ሦስተኛውም ይኸው ነው። እኛ እዚህ ወፍ ስንጠብቅ፣ የደረሰው ገብሳችን ከዳገቱ ላይ ቆሟል፤ ዝንጀሮዎቹ በመንጋ ወርደው እያጨዱልን ነው። የእማማ ብዙነሽ ማሳ ከገደሉ አፋፍ ላይ ስለሆነ ቀድሞ የተበላው የእርሳቸው ነው፤ በሬ የሌላቸው ሴት በልመና ጥማድ ያሳረሱት እርሻ ነበር። ዝንጀሮዎቹን ልንከስስ አላሰብንም፤ በችሎትዎ ተፈርዶባቸው ስለማያውቅ ለሹመት ብቁ ናቸው፣ ነገም ምን ዓይነት ሹም እንደሚሆኑብን አይታወቅም።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው ጥቂት ነው። ሽማግሌዎቹ አድማጮች ይመለሱ፤ ወፎቹ ለእነርሱ ይናገሩ፤ ሕዝቡም ወደ አጨዳው ይሂድ። የአባቴን ተራ በተመለከተ፣ ቢከለክሉኝም ለሌላ ርስተኛ ይለፍ እንጂ ከእማማ ብዙነሽ በሬ ጋር አይታረድ። ለሚያነብልዎ አስተርጓሚም አስቀድሜ ምስጋናዬን አቀርባለሁ፤ ማር ሳይጨምር እንዲያነበው አደራ እላለሁ፤ ማር የሚያስፈልገው ቢኖር ለእኛ ነው።

ወረቀት ስላጣሁ ይህን የጻፍኩት ከሜዳው ዛፍ ላይ በነቀልኩት አዋጅዎ ጀርባ ነው። ንጹሕ ሆኖ ያገኘሁት ገጽ እርሱ ብቻ ስለሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንዳይሰለችዎ ብዬ አስቀድሜ ለሜዳው ሕዝብ አንብቤዋለሁ፤ የሚታረም ነገር አላገኙበትም። ለዚህ ድፍረት ሌላ ፍርድ ቢጨመርብኝ፣ የጋጣውን መንገድ አውቀዋለሁ።

ዕድሜዎን በገዛ አገርዎ ያርዝመው እያልኩ፣ እስከ መሬት ድረስ እጅ እነሣለሁ፤

በችሎትዎ የተፈረደባት፣ ፍርዷን የፈጸመች፣ ተራዋን ያልረሳች፣
አመተማርያም ወልደጊዮርጊስ

ይድረስ ከማለቴ በፊት የተጨመረ፦ ደብዳቤውን እያጠፍኩ ሳለ፣ ከእብናት የሚመለስ አንድ እህል ነጋዴ ከዘበኞቹ ማዶ ቆሞ፣ የአቶ ፈንታሁን አማች በአንዲት የሰባች ዳማ በቅሎ ላይ ማሽላ ጭኖ ማየቱን ነገረን። የግራ ጆሮዋ ጫፉ የተሰነጠቀ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ «አዎን እኅቴ፣ በምን አወቅሽ?» አለኝ። ጋጣዋን የጠረገ ያውቃል። እንግዲህ ይህን ወፍ ለሹምዎ ጆሮ ከምሰጠው ለእርስዎ ሰጥቼዎታለሁ። ሄደው ሲያገኟት እባክዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ እንደ ቀድሞው ሁሉ፣ ለእርሷ ብቻ።