ሩዝ የሚሉኝ ሴቶች

ሪያድ፣ ጉበይራ
ጁምዓ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣

ነገሩ የተበላሸው ነሲም ሰፈር ያለው የመጀመሪያ አሠሪዬ ቤት በደረስኩበት ቀን፣ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ነው። እመቤቲቱ ስሜን ጠየቀችኝ። "ረሂማ" አልኳት። "ልጆቹ ሰሚራን ለምደዋል፤ ኸላስ፣ ሰሚራ ነሽ" አለችኝ። ሰሚራ ከእኔ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ናት። ሁለት ዓመት በእሷ ስም ተጠራሁ፤ እሷ የሰበረችው ብርጭቆ ሳይቀር እኔን ሲያስወቅሰኝ ኖረ። በስልክ ስነግርህ "ስም ምን ይጎዳል፣ ታገሺ" አልከኝ። ፈተና ላይ "መጀመሪያ ስምሽን ጻፊ" እያልክ ያስተማርከኝ ግን አንተ ነህ።

አሁን አትጨነቅ፤ አልሃምዱሊላህ፣ ተገላግያለሁ። በመጨረሻ እመቤቲቱ "ሰሚራ" ስትለኝ ዝም እያልኩ አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። ሰልችቷት የዝውውር ወረቀቴን ፈረመች፤ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ ወደ አዲሷ አሠሪዬ ዞረ። አሮጊት ናት። ስሜን ጠይቃ በስሜ ጠራችኝ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

አሁን ጁምዓ ጁምዓ እረፍት ስላለኝ እትዬ አስናቀች የምትባል ያገራችን ሰው እዚህ ጉበይራ ከጓደኞቿ ጋር የተከራየችው ክፍል እመጣለሁ። ሐበሻው ቅያሱን "ሽንኩርት በር" ይለዋል፤ ባለሱቁ ጆንያውን መግቢያው ላይ ስለሚከምር ሳይዘሉ አይታለፍም። ቤት ውስጥም ሁሉም በምግብ ነው የሚጠራው። አልማዝ "በርበሬ" ናት፤ ሻንጣዋ አየር ማረፊያ ተቀዶ ፈታሾቹን ሁሉ አስነጥሳለች። ፈይዛ በሻይ ማፍያ ገንፎ ልታገነፋ ሞክራ "ገንፎ" ሆና ቀረች። እኔ የመጀመሪያ ቀን ሩዝ ቀቅዬ እንደ ሊጥ አቦካሁት።

"ሱለይ ሰፈር ያሉ ግንበኞች ቢያገኙት ግድግዳ ይለስኑበት ነበር" አለች እትዬ አስናቀች። "ከዛሬ ጀምሮ ሩዝ ነሽ።"

ደሜ ፈላ። "መጀመሪያ ስሜን እወቂ" አልኳት።

"ረሂማ ነሽ፤ ስትገቢ ነግረሽኛል። ስሙን ለማላውቀው ሰው ቅጽል አላወጣም።"

ሳቅሁ። ሩዙን ያቦካሁት እኔ ነኝ፤ ብርጭቆውን ግን አልሰበርኩም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። እማዬ ስልክ ባነሳች ቁጥር "እንጀራችን" ትለኛለች፤ አንተም ጀምረሃል። የመጀመሪያውን ብር ከላክሁ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ሁለታችሁም ረሂማ ነበር የምትሉኝ።

አላህ ለአንተ ጤናህን፣ ለእማዬ ጉልበቷን ይጠብቅልኝ። መላኬን አላቆምም። ከእንግዲህ ግን "ሰሚራ" ስባል አቤት አልልም። "እንጀራችን" ስባልም አልልም።

ልጅህ
ረሂማ