መስታወቱ የወረደ ቀን

ጥር 6
ዛሬ ፊልም ሠሪዎቹ ፀጉር ቤቴ መጡ። አስተርጓሚያቸው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ እሱ ባይኖርማ እኔና ካሜራ ምን አገናኘን! ጠዋት እነሱ ሳይደርሱ ቆረጥኩት። እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ እንቅልፍ ወሰደው።

ሰዎቹ ጨዋ ናቸው። አዘጋጇ "ወንድሜ" አለችኝ፤ ቃሉን እሱ አስጠንቷት። ያስቸገራቸው ትልቁ መስታወት ብቻ፤ ካሜራውን ከነሰዎቹ ያሳያል።

"ጋሼ፣ ለትንሽ ጊዜ እናውርደው?" አለኝ ወንድሜ።

ምን ገዶኝ! እኔ ፈታሁት፣ እሱ በአንድ በኩል ያዘልኝ። ደንበኛዬ አናጢው ባዶ ግድግዳ እያየ ተቆረጠ። "ጆሮዬ አለ?" እያለ ሆዳችንን እስኪያመን አሳቀን።

ጥር 7
መስታወቱን መልሼ ሰቀልኩ። ጥጉ ትንሽ ተሸርፏል። ይሁን።

ሰኔ 19
ፊልሙ በቴሌቪዥን ታየ። ፀጉር ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ትረካው በኛ ቋንቋ፣ ድምፁ ደግሞ የወንድሜ! አጨበጨብን። ከዚያ አናጢው ወንበሬ ላይ ታየ። ሳቁን አውጥተው አሳዛኝ ሙዚቃ ከትተውበታል። ወንድሜም በዚያ በሚያምር ድምፁ... "እዚህ ወንዶች መስታወት አያዩም። መልካቸውን ለፀጉር ቆራጩ በእምነት ይሰጣሉ።"

አናጢው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ተወው። "እኔ ነኝ መስታወት የማላውቅ?" አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። እኔ ያልኩ መሰለው! ምን ልበለው?

ሰኔ 20
ለወንድሜ ደወልኩለት።

"ጽሑፉን ሰጡኝ፣ አነበብኩ ጋሼ።"

"መስታወቱን የያዝክልኝ አንተ አይደለህም?"

"እምነት ነው እኮ ያሉት... ስድብ አይደለም።"

ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ስድብ መልስ አለው። እነሱስ እንግዶች ናቸው፣ መጡ ሄዱ። እሱ ግን... ከዳኝ። ሌላ ስም አጣሁለት።

ሰኔ 27
አልደወለም። አልደወልኩም። አናጢውም ሌላ ቤት መቆረጥ ጀምሯል አሉ።

ሐምሌ 3
ወንድሜ መጣ። ነገ ስለ ፊልሙ ቴሌቪዥን ላይ ሊጠይቁት ነው። "አሳምረኝ ጋሼ።"

ወንበሩን ወደ ባዶው ግድግዳ አዞርኩት።

"መስታወቱ በዚያ በኩል ነው እኮ።"

"እኛ አናይም። በእምነት ነው።"

ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ዓይኑን አልጨፈነም። ምላጩ አንገቱ ጋ ሲደርስ ትከሻው ሽምቅቅ አለ። እኔ? ምንም ብናደድ ሰው ላበላሽ! አሳምሬ ጨረስኩለት።

ጨርቁን ከላዩ ሳነሳ ስልኩን አወጣ። በካሜራው ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ። አንገቱን በእጁ ዳሰሰ።

"አመሰግናለሁ" ብሎኝ ወጣ። እንደ ማንኛውም ደንበኛ።