የማይደርቅ ግድግዳ

ሐምሌ 21 ቀን 1958
ዛሬም ዝናብ። ይህች ከተማ በደብዳቤ ሀገረ ሕይወት፣ በአፍ አምቦ፤ በክረምት ግን ጭቃ ብቻ ናት። ከቢሮ ስመለስ እታገኝ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ለሰላምታ መስሎኝ... የሳሎኑ ግድግዳ ምርጊት ተገምሶ ወድቋል። “እንቁጣጣሽ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ አይገባም” አለች ባለቤቴ። ሰው ቤቱን በበጋ ያድሳል። እኛ ሰማይ ሲቀደድ ነው ጭቃ የምናቦካው። ዓምናም እንዲሁ ነበር። ለምን በግንቦት አላሰበችም? እኔስ ለምን አላሰብኩም?... ተወው።

ሐምሌ 23
ከሰዓት በኋላ ሱሪዬን ሰብስቤ ጭድና ጭቃ ስረግጥ ዋልኩ። ጎረቤታችን ጉዴ በአጥር ላይ አየችኝና፣ “አቶ ንዋይ፣ ሰኞ ማኅተሙን በእግርዎ ሊመቱ ነው?” ብላ ሳቀች። የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጸሐፊ መሆኔን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አልሳቅኩም።

ነሐሴ 2
ምርጊቱ አልደረቀም። ጣቴን ብሰካው ገባ። ከሰል አጠገቡ አቀጣጠልን... ራስ ምታት ብቻ።

ነሐሴ 4
ይድረቅ አይድረቅ፣ እታገኝ መታገሥ አቃታት። ዛሬ ወረቀት መለጠፍ ጀመርን። ጋዜጣ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም፤ ቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ የተከመረውን ጠራርጌ አመጣሁ። የተበላሸ ፎርም፣ አሮጌ ፖስታ፣ የዓምና ጋዜጣ...
እታገኝ ፊደል አልቆጠረችም። ግን በየወረቀቱ፣ “ይሄስ? ይሄስ ይለጠፍ?” ጾሙ ራሴን እያዞረኝ፣ ወገቤ ተቆርጦ፣ ቀና እንኳ ሳልል “ሁሉንም ለጥፊው፣ አትጨቅጭቂኝ!” አልኳት። ለጠፈች። ግማሹን ዘቅዝቃ። ከእንግዲህ ጋዜጣ የማነበው ተገልብጬ ነው።

ነሐሴ 11
ዱጋሳ የሚባል ሽማግሌ ከሸነን መጣ። ሁለት ቀን በእግሩ። የመሬት ክስ አለው፤ ቀጠሮው መስከረም 12። ዳኛው ውሉን ማየት ይፈልጋሉ። መዝገቡን ገለጥኩ። ክሱ አለ፣ ውሉ የለም።
“አላመጣህም ይሆናል” አልኩት።
“በሰኔ በዚህ እጄ ሰጠሁህ፣ ኢልመ ኮ።” ልጄ ይለኛል። አውራ ጣቱን አሳየኝ። ማጭድ የሰነጠቀው ጠባሳ አለበት፤ ውሉን የፈረመው በዚሁ ጣት ነው። ጣት ምን ያደርግልኛል? የምፈልገው ወረቀት ነው።
ነገ ና አልኩት።

ነሐሴ 12
መጣ። የለም።

ነሐሴ 20
አሁንም መጣ። ወንዝ ሞልቶበት ዳር ላይ አድሮ። መደርደሪያውን ገለበጥኩ፣ ሣጥኑን አራገፍኩ... አይጥ በልቶት ይሆን? ውሉ ካልተገኘ ሃያ ዓመት ያረሰው መሬት ለባላጋራው ሊፈረድ ነው። ይህን ሲነግረኝ አይጮህም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።
ቤት ደግሞ ግድግዳው ያልበዋል። በሩ አጠገብ ያለው ወረቀት ሻግቷል። ሚስማር መትቼ ካፖርቴን ሰቀልኩበት። እንግዳ እንዳያየው።

ነሐሴ 27
አለቃዬ፣ “ምን ያስጨንቅሃል? ሰነዱ አልቀረበም ብለህ ጻፍ” አሉኝ።
ጻፍኩ። ፈረምኩ።
አልቀረበም? እውነት? በሰኔ ስንት ሰው ስንት ወረቀት ሰጠኝ... በምን አስታውሳለሁ? ቤት ገብቼ እታገኝን ያለ ምክንያት ተቆጣኋት።

ጳጉሜን 3
የሩፋኤል ዝናብ። ልጆች ጠበል ነው እያሉ ይቦርቁበታል። እኔ የሚያፈስ ጣራ ሥር ባልዲ እደረድራለሁ። በር ተንኳኳ። ዱጋሳ! ቤቴ ድረስ! “ጉዳይ የሚታየው ቢሮ ነው” ልል አፌን ስከፍት እታገኝ ቀደመችኝ።
“ኧረ ይግቡ፣ ኦቦ፣ በስብሰዋል!” ካፖርቴን ከሚስማሩ አውርዳ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት።
ሽማግሌው አላመሰገናትም። ግድግዳውን ያያል። ተጠጋ።
“ኩኖ!” አለ። ይኸው ማለቱ ነው። “ኩኖ፣ ጣቴ!”
የጣት አሻራ። መሐሉን ማጭዱ የሰነጠቀው። አጠገቡ ማኅተም። ከላይ ውሉ።
ሽማግሌው ፊደል አያውቁም፤ ጣታቸውን ግን ያውቃሉ። ፊደል የማውቀው እኔ ካፖርቴን እየሰቀልኩበት ከረምኩ።
እታገኝ ቀስ ብላ፣ “ይሄን እኮ ጠይቄህ ነበር... ማኅተም ያለበትን” አለች። አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።
ሙጫው ደርቆ ቢሆን ወረቀቱ ተበጣጥሶ ያልቅ ነበር። ክረምቱን ሙሉ የረገምኩት እርጥበት ነው ያተረፈን። ሦስታችንም ትንፋሻችንን ውጠን፣ በቢላ ጫፍ፣ ቀስ በቀስ... ለቀቀ። አንድ ጥግ ብቻ ተቀደደ፤ ጽሑፍ የሌለበት።

ጳጉሜን 4
ለአለቃዬ አዲስ ማስታወሻ ጻፍኩ። “ሰነዱ በሰኔ ወር ቀርቧል። በእኔ ቸልተኝነት ቤቴ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ተገኝቷል።” ሁለት ጊዜ አነበቡት። “ይሄን ጽፈህ እንጀራህ የሚተርፍ ይመስልሃል?” አሉኝ። አላውቅም።
ኦቦ ዱጋሳ ውሉን መዝገቡ ውስጥ ስሰፋ ቆመው አዩኝ። “አሁን አጥብቀህ ስፋ፣ ኢልመ ኮ።” ካፖርቱን ሊመልሱልኝ ነበር። ለብሰውት እንዲሄዱ ለመንኳቸው።

መስከረም 13 ቀን 1959
ፀሐይ! ትናንት ዳኛው ውሉን ተቀብለው የኦቦ ዱጋሳን መሬት ማንም እንዳይነካባቸው አዘዙ። እኔን አለቃዬ ከመዝገብ ቤት አንሥተው ደብዳቤ ክፍል አስገብተውኛል። ከነማስጠንቀቂያው። ይሁን፣ ይገባኛል።
ግድግዳው ደርቋል። ውሉ የነበረበት ቦታ ብቻ ራቁቱን ቀርቷል። እታገኝ ለመስቀል ልትሸፍነው ሙጫና ወረቀት ይዛ መጣች። እያየችኝ፣ “ይሄስ?” አለች።
ተነሣሁ። ተቀብዬ ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ አወጣሁት። ከላይ እስከ ታች፣ ከነጀርባው አነበብኩላት። የሳሙና ማስታወቂያ ነው።
“ይለጠፍ” አልኳት።
ሁለተኛውን አቀበለችኝ።